የዓሣ ጫጩትና የባሕሩ ውሃ ጠባይ

ዳሚ ከሐርጌሣ ከተማ ሰፈሮች አንዱ ነው። ብዙዎቹ ነዋሪዎቹ በብረትና በቆዳ ሥራ ከታወቁ ቤተ ሰቦች የተወለዱ ናቸው። ከባሕር ርቆ በደጋ ላይ ያለ ሰፈር ስለ ዓሣ ዕንቍላል ምን ያገባዋል የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በበርበራ ጠረፍ የሚሆነው ነገር ውሎ አድሮ በሐርጌሣ ገበያ መታየቱ አይቀርም።

የሱማሌ ሕዝብ በአብዛኛው ከብት አርቢ በመሆኑ ከዓሣ ይልቅ ሥጋንና ወተትን ይመርጣል፤ ንግዱም የቆመው በቁም ከብት ላይ ነው። ሆኖም ሳውዲ ዓረቢያ እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2009 ከብቱ እንዳይገባ በከለከለች ጊዜ፣ ደግሞም የ2016 እና የ2017 ድርቅ መንጋውን በፈጀ ጊዜ፣ በአንድ ሀብት ብቻ መታመን ምን ያህል አስጊ እንደ ሆነ ታይቷል። ስለዚህ ዓይን ሁሉ ወደ ባሕሩ ቢመለስ የሚያስደንቅ አይደለም።

ይሁን እንጂ ነጋዴ ብዙውን ጊዜ የሚቈጥረው ጀልባውን፣ መረቡንና በረዶውን ነው። የኖርዌዩ ሊቅ ዮሐን ዮርት እ.ኤ.አ. በ1914 ባሳተመው ጥናት እንዳመለከተው ግን፣ የዓሣ መብዛትና ማነስ የሚወሰነው ገና ጫጩት ሳለ ነው። ከዕንቍላል የወጣው ጫጩት የያዘውን ስንቅ ጨርሶ በጥቂት ቀኖች ውስጥ ደቃቅ የባሕር ምግብ ካላገኘ ይሞታል። ወራጁም ውሃ ወደማይሆን ስፍራ ከወሰደው ተመልሶ መዋኘት አይችልም።

የውሃው ሙቀት ደግሞ ሌላ ፈተና ነው። ሙቀት የጫጩቱን ዕድገት ቢያፋጥንም ረኃቡን ያበዛል፤ የሚተነፍሰውንም ኦክሲጂን ይቀንሳል። አንድ ሊትር የባሕር ውሃ በ20 ዲግሪ 7 ሚሊ ግራም ያህል ኦክሲጂን ሲይዝ፣ በ30 ዲግሪ የሚይዘው 6 ያህል ብቻ ነው። በኤደን ባሕረ ሰላጤና በሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ከሰኔ እስከ መስከረም የሚነፍሰው ብርቱ ነፋስ፣ በአንዳንድ ስፍራ ቀዝቃዛውን ውሃ ከጥልቁ ያወጣል። ይህ ውሃ ምግብ ያበቅላል፤ ነገር ግን ኦክሲጂኑ አነስተኛ ስለ ሆነ ወደ ዳር ሲገፋ ያፍናል። ትልቁ ዓሣ ይሸሻል፤ ጫጩቱ መሸሻ የለውም።

መጠለያው ጥልቀት የሌለው የባሕር ዳር ነው። በዘይላና በሰዓደዲን ደሴቶች አጠገብ የሚበቅለው ማንግሮቭ የተባለው የጨው ውሃ ዛፍ በጥላው ሙቀቱን ያበርዳል፤ በሥሩም ጫጩቱን ከበላተኛ ይሸሽጋል። ዛፉ ለማገዶ ቢቈረጥ፣ ወይም የመርከብ ዘይትና የከተማ ጥራጊ ወደ ዳሩ ቢፈስ፣ ጉዳቱ የሚታየው በዚያው ቀን ሳይሆን ጫጩቱ አድጎ ለመረብ በሚደርስበት ዘመን ነው።

በርበራ እ.ኤ.አ. በ2021 አዲስ የኮንቴይነር ማራገፊያ ከፍታለች፤ የወደብ መስፋት ለአገር በረከት ነው። ነገር ግን የጀልባ ፈቃድ የሚሰጥ ባለሥልጣን የውሃውን ሙቀትና ኦክሲጂን በየወሩ ቢያስለካ፣ ዓሣው የሚራባባቸውንም ስፍራዎች ከመረብና ከመጥረቢያ ቢከለክል፣ ወጪው ጥቂት፣ ጥቅሙ ብዙ ነው። ነጋዴውም ዕቃውን የሚያገኘው፣ የዳሚውም ሠራተኛ በአቅሙ ገዝቶ የሚበላው፣ ጫጩቱ ለማደግ የበቃ እንደ ሆነ ብቻ ነው።