ጥፋቱ የካርቡራቶሩ ነው ወይስ የደጋው?

የጋዜጠኝነት ተማሪ ስለ ካርቡራቶር ምን አገባው ትሉ ይሆናል። እኔ ግን የደባርቅ ልጅ ነኝና ያገባኛል ባይ ነኝ። በኛ አገር አሮጌ የቤንዚን መኪና ያለው ሰው አንድ ቀን ይህ ጣጣ አይቀርለትም። መኪናው ዳገት ላይ ይደክማል፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ቤንዚን ይጠጣል። ወዲያው በካርቡራቶሩ ይፈረድበታል፤ ተፈትቶ በሌላ ይቀየራል። ብሩ ወጣ፣ ጭሱ ግን እንዳለ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ አይደል?

ለመሆኑ ካርቡራቶር ሥራው ምንድን ነው? ቤንዚንና አየር ደባልቆ ሞተሩን ማብላት ነው። አየሩ በጠባብ ጉሮሮ ሲያልፍ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ግፊቱ ይቀንሳል። ያኔ ቤንዚኑ በቀጭን ቀዳዳ ተስቦ ይረጫል። 1 ኪሎ ቤንዚን በደንብ እንዲነድ 15 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል።

ደባርቅ ያለችው 2,850 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ነው። እዚህ የአየሩ እፍጋት በባሕር ጠለል ካለው 75 በመቶ ገደማ ቢሆን ነው። የቤንዚኑ ቀዳዳ ግን ያው ቀዳዳ ነው፤ አየሩ ሳሳ ብሎ አይጠብም። ስለዚህ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራቶር ደባርቅ ሲደርስ 15 በመቶ ያህል ትርፍ ቤንዚን ያበላል። ጥቁሩ ጭስ በደንብ ካልነደደው ቤንዚን የሚመጣ ጥላሸት ነው። ወደ ሳንቃበር (3,250 ሜትር) ሲወጣማ ይብሳል። ጉልበቱም በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ይህን አዲስ ካርቡራቶር አይመልሰውም፤ ካርቡራቶር አየር አይፈጥርማ!

የድሮዋን የቤንዚን ላንድ ክሩዘር እንውሰድ። 2ኤፍ የሚባለው ሞተሯ 4.2 ሊትር ሲሆን 6 ሲሊንደሮቹ በአንድ መስመር ተደርድረው ሁሉም ከአንድ ካርቡራቶር ይመገባሉ። (የናፍጣዎቹ ካርቡራቶር ስለሌላቸው ይህ ጽሑፍ አይመለከታቸውም።) ምርመራውን የሚያቀለው ይሄው አንድ ማዕድ መሆኑ ነው።

አንደኛ፣ ስድስቱንም ካንዴላ ፈትቶ ማየት። ሁሉም ጥላሸት ከለበሱ ድብልቁ ቤንዚን በዝቶበታል። አንዱ ብቻ ከጠቆረ ግን ችግሩ እዚያው ሲሊንደር ላይ ነው፤ ካርቡራቶሩን አትንኩት።

ሁለተኛ፣ የአየር ፊልትሮውን ማየት። በበጋ አቧራ የታፈነ ፊልትሮ ልክ እንደ ከፍታው ጭስ ያመጣል።

ሦስተኛ፣ የት የት እንደሚያጨስ ማስተዋል። ዳባትን አልፎ ሲወጣ አጭሶ፣ ሊማሊሞን ወርዶ ዛሪማ ሲደርስ ከተወው ጥፋቱ የከፍታው ነው። ቆላም ደጋም ካጨሰ ግን ካርቡራቶሩ በእውነት ታሟል ማለት ነው።

ያኔም ቢሆን መጀመሪያ እድሳት ይሞከራል። ተፈትቶ በንጹሕ ቤንዚን ይታጠባል፣ ቀዳዳዎቹ በአየር ይነፋሉ። በሽቦ መጎርጎር ነውር ነው፤ ቀዳዳው ሰፍቶ ሌላ በሽታ ይሆናል። ቤንዚን የሚዘጋው መርፌ ካለቀ ይቀየራል፣ የተንሳፋፊው ከፍታ ይለካል፣ ጓርኒሲዮኖቹ ይታደሳሉ። መቀየር የግድ የሚሆነው አካሉ ከተሰነጠቀ ወይም ከተጣመመ፣ አልያም የጉሮሮው ክዳን ዘንግ ማረፊያው ተበልቶ አየር ካስገባና መጠገን ካልተቻለ ነው።

ከፍታው ከሆነ ጥፋተኛው መድኃኒቱ ዋናውን የቤንዚን ቀዳዳ በትንሹ በሚያንስ መለወጥና ሚኒሞውን እዚያው ደባርቅ ላይ ማስተካከል ነው። የተፈታችውን አሮጌ ቀዳዳ ግን እንዳትጥሏት! ለደጋ የተቆጠበ መኪና እንዲሁ መተማ ወይም ሁመራ ከወረደ ቤንዚን ያንሰዋል፤ ሞተሩ ይግላል፣ ቫልቮላው ሊቃጠል ይችላል። ቆላና ደጋ የሚመላለስ ሹፌር ትንሽ ጭስ ታግሶ ቀዳዳውን እንዳለ ቢተወው ይሻለዋል።

እንግዲህ ለአንድ አሮጌ መኪና የሚወጣው ብር የአንድ ቤተሰብ የወራት እንጀራ ሊሆን ይችላል። ጋራዥ ስትገቡ መጀመሪያ "ስድስቱንም ካንዴላ አሳየኝ" በሉ። ካርቡራቶሩ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ቸር ያሰንብተን!