ዐይን የዘለለው መስመር

የ2017 ዓ.ም. የመጨረሻዋ ምሽት ነበረች፤ ጳጉሜን 5። በውጭ ዝናቡ አባርቶ የሰፈሩ ልጆች ችቦ ያስራሉ፤ ከማድ ቤት የሽንኩርቱ ቁሌት ሽታ ቤቱን ሞልቶታል። ወንዱ ልጄ በዕንቍጣጣሽ ማለዳ ለጎረቤት የሚያድላቸውን 30 ሥዕሎች ሲሥል ሰንብቶ የመጨረሻውን መፈጸሙ ነበር። በየወረቀቱ ላይ አንድ ክንፉን የዘረጋ መልአክ፣ ከግርጌው የአደይ አበባ፣ ከአበባው ሥር ደግሞ የመልካም ምኞት ቃል ሰፍሯል። ቃሉን በቁራጭ ወረቀት ጽፌ የሰጠሁት እኔ ነበርሁ፤ «እንኳን ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ በሰላም አሸጋገራችሁ» የሚል።

በባሕረ ሐሳብ ስሌት 5500 ዓመተ ዓለምና 2018 ዓመተ ምሕረት ሲደመሩ 7518 ይሆናሉ፤ ለ4 ሲካፈሉ 2 ይተርፋል፤ 2 ሲተርፍ ዘመኑ የማርቆስ ነው። ይህን ለልጁ በኩራት አስረድቼው ነበር። ሥዕሎቹንም አንድ በአንድ አንሥቼ ተመለከትሁ፤ አመሰገንሁት፤ መረቅሁት።

ፊደል ቆጥራ ንባብ የጀመረችው የ6 ዓመት ልጄ ግን አንዱን ወረቀት አንሥታ፣ ጣቷን ከቃል ወደ ቃል እየጎተተች ካነበበች በኋላ ቀና ብላ «አባዬ፣ ማቴዎስ የት ሄደ?» አለችኝ። «እንኳን ከዘመነ ማርቆስ በሰላም አሸጋገራችሁ» ይላል! የልጁ ዐይን ከመጀመሪያው «ዘመነ» ላይ ተነሥቶ በሁለተኛው «ዘመነ» ላይ ዐርፏል፤ በመካከል ያለው ወድቋል። ገና ካልገባንበት ዘመን አስወጥቶናል። የመጀመሪያውን ከእኔ ወረቀት፣ የቀሩትን 29 ደግሞ ከመጀመሪያው ገልብጧልና ስሕተቱ በሠላሳውም ላይ ነበረ። እኔም ሠላሳውን አይቼ፣ በሠላሳውም ላይ ያልተጻፈውን ማቴዎስን አንብቤ ነበር።

ይህ በእኔ ላይ ሲደርስ የመጀመሪያው አልነበረም።

በወጣትነቴ በአንድ የገጠር ደብር ከአንድ የኔታ ዘንድ ቁም ጽሕፈት ስማር ነበር። ሥራው ከብዕር በፊት ይጀምራል። የፍየሉ ቆዳ ተዘፍዝፎ በመወጠሪያው ላይ ይወጠራል፤ ጠጉሩና ሥጋው ይፋቃል፤ በድንጋይ ይታሻል፤ ደርቆ ከተቆረጠ በኋላ በወስፌ ጫፍ፣ ያለ ቀለም፣ መስመር ይሰመርበታል። ከዚያ በኋላ ነው የመቃው ብርዕ ቀለም የሚነካው። እኔ ፍቀቱ አድካሚ፣ ጽሕፈቱ ግን ቀላል ይመስለኝ ነበር።

አንዲት ባልዋ የሞተባት እናት ጥጥ ፈትላ በሸጠችበት ገንዘብ ለልጇ ዳዊት አስጻፈች። የኔታ ዐይናቸው ደክሞ ስለ ነበር መዝሙሩን በሙሉ ለእኔ ተዉልኝ። የግእዙ ዳዊት አብዛኛውን ጊዜ እያንዳንዱ ስንኝ በየራሱ መስመር ይጻፋል። በ135ኛው መዝሙር ደግሞ እያንዳንዱ መስመር በአንድ ዐይነት ቃል ይዘጋል፤ የእግዚአብሔር ምሕረት ለዘለዓለም መሆኑን በሚናገረው ቃል። ለጸሐፊ ከዚህ የበለጠ ወጥመድ የለም። ብርዕ ለማጥቀስ ወደ ቀለም ቀንዱ ዞር ብሎ የተመለሰ ዐይን ከየትኛው መስመር ጫፍ እንደ ተነሣ አያውቅም፤ ጫፎቹ ሁሉ አንድ ናቸውና።

መጽሐፉ ሲፈጸም እኔ እያነበብሁ፣ የኔታ በቃላቸው እየተከተሉ መረመርነው። አንዳች ጉድለት አልተገኘም። ተደጎሰ፤ ማኅደር ተበጀለት፤ እናትየው እጅ ነሥታ ወሰደች።

ከጥቂት ወራት በኋላ የመስከረም ጭቃ ገና ሳይደርቅ ተመለሰች። ልጇ በንባብ ቤት ዳዊቱን በቁጥር ንባብ፣ ፊደል በፊደል ይማር ነበር። 135ኛው መዝሙር ላይ ሲደርስ መምህሩ «አንድ ቤት ዘለልህ» ብለው አስቆሙት። ደግሞ አነበበ፤ ደግሞም ዘለለ። «የለም» ቢል መምህሩ መጽሐፉን ተቀብለው፣ ገጹን እየተመለከቱ፣ ጎደለ ያሉትን ቤት በዜማ አነበቡለት። ልጁም ስለ ስንፍናው ተንበረከከ፤ በማግስቱም እንዲሁ፤ በሦስተኛው ቀን ተገረፈ። ከዚያ በኋላ ወደ ንባብ ቤት አልሄድም አለ።

እናትየዋ ፊደል አትለይም። ነገር ግን የልጇን ዐይን አይታ ውሸት እንዳልሆነ ዐውቃ ነበር። ከጎረቤት ሌላ ዳዊት ተውሳ፣ ያንኑ መዝሙር አስወጥታ፣ ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን ዘረጋቻቸው። የመስመሮቹ መጨረሻ ሁሉ አንድ መልክ እንዳለው አየች። ከዳመጠችው ጥጥ ፍሬ ወስዳ በአንዱ መጽሐፍ ለእያንዳንዱ መስመር አንድ አንድ ፍሬ አስቀመጠች፤ ያንኑ ፍሬ ሰብስባ ወደ ሁለተኛው መጽሐፍ አሻገረችው። አንድ ፍሬ በእጇ ተረፈ።

ይህን ስትነግረን የኔታ «እስኪ አንብበው» አሉኝ። አነበብሁት፤ ምሉዕ ነበር። እፎይ ልል ስል እናትየው ወደ እኔ ቀረበችና፦

«ልጄ፣ አፍህስ ያውቀዋል። ጣትህን አስቀምጥበት» አለችኝ።

ጣቴን አስቀመጥሁ። አፌ ያለው ቤት በጣቴ ሥር አልነበረም። የኔታና እኔ መጽሐፉን ስንመረምር፣ መምህሩም ልጁን ሲያርሙ፣ ሦስታችንም ብራናውን አላነበብነውም። ዳዊትን አብዝተን በማወቃችን የጎደለውን ከየልባችን እያወጣን ሞልተነው ኖሯል። የተጻፈውን ብቻ ያነበበው ገና የማያውቀው ልጅ ነበር፤ እርሱም ተገረፈበት።

የኔታ ምንም አልተናገሩኝም። በትራቸውን አንሥተው «ምራኝ» አሉና ጭቃውን ለጭቃው ወደ ንባብ ቤቱ ሄድን። በዚያ ከመምህሩ ጋር የተነጋገሩትን አልሰማሁም፤ እኔን ወደ ልጁ ላኩኝ። ከእናቱ ቤት ደጃፍ ተቀምጦ አገኘሁት። ስሕተቱ የእኔ መሆኑን ነገርሁት። መልስ አልሰጠኝም፤ ጥቂት ቆይቶ ግን ጉልበቱን አሳየኝ። የጎደለውን ቤት በዚያው ምሽት ከገጹ ራስጌ ባለው ኅዳግ ላይ በደቃቅ ፊደል ጽፌ፣ የሚገባበትን ቦታ በምልክት አመለከትሁ። እኔ ከጻፍሁት ሁሉ አሁንም በሕሊናዬ የሚታየኝ ያ አንድ መስመር ነው።

ዘግይቼ መንፈሳዊ ኮሌጅ ስገባ፣ መስመሮች በአንድ ዐይነት ቃል ሲዘጉ የገልባጭ ዐይን መዝለሉ በግሪኩም በሌላውም ቋንቋ ጥንታውያን መጻሕፍት ሊቃውንት የሚያውቁት ስሕተት መሆኑን ተማርሁ። ከብዙዎች ጋር በመሳሳቴ ትንሽ ተጽናናሁ ብል ሐሰት አይሆንም። ነገር ግን መምህራኑ ያስተማሩን ስለ ገልባጩ ነበር፤ ስለ አንባቢው ልጅ የነገረን አልነበረም።

የበዓል ወጥ የምትሠራ እናት ይህን ነገር ያለ ትምህርት ታውቀዋለች። ከጠዋት ጀምሮ ስትቀምስ የዋለች ምላስ ጨው መለየት ሲሳናት ከውጭ የመጣ ሰው ጠርታ «እስኪ ቅመስልኝ» ትላለች። ቅዱስ ያሬድን በተመለከተ የሚተረከውንም ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን፤ ትሏ ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ከዛፉ መውጣቷን፣ ተስፋ አለመቁረጧንም እናነሣለን። ውድቀቷን ከዛፉ ሥር ሆኖ አንድ፣ ሁለት እያለ የቆጠረላትን ዐይን ግን ብዙ ጊዜ እንዘለዋለን።

ወደ ጳጉሜኗ ምሽት ልመልሳችሁ። ልጄ በመጀመሪያ ተቆጣ፤ እኅቱንም እኔንም። ሠላሳ ሥዕል ደግሞ የሚሥልበት ጊዜ አልነበረም። ኋላ ግን ቀይ እስክሪብቶ አምጥቼ፣ ጸሐፍት እንደሚያደርጉት የወደቀውን ቃል ከመስመሩ በላይ በደቃቅ ፊደል እንዲያስገባ አሳየሁት። እርሱ ይጽፋል፤ እኔ ወረቀቱን አቀብላለሁ፤ ታናሺቱ በጉልበቷ ተንበርክካ በጣቷ ትከተላለች። በውጭ ችቦው ተለኩሶ ልጆቹ መጮህ ጀምረዋል፤ እርሷ ግን ከተቀመጠችበት አልተነሣችም።

ዐሥራ አንደኛው ወረቀት ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።