ደራሽ ከመምጣቱ በፊት፦ መልካን በሰዓቱ መሻገር

ከሚሴ ላይ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ወንዝ ሊሞላ ይችላል። በሐምሌና በነሐሴ በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ቆላማ ቦታዎች የሚያስፈራው ደራሽ ጎርፍ ብዙ ጊዜ ደጋ ላይ ዘንቦ የወረደ ነው። ስለዚህ መልካ ላይ የደረሰ ሰው የውኃውን ጥልቀት ብቻ አይቶ መግባት የለበትም፤ ላይ የዘነበው መቼ እንደሚደርስም ማሰብ አለበት።

ባሕረኞችም ጊዜ ይጠብቃሉ። በደቡብ እንግሊዝ ያለው ፖርትላንድ ቢል ባሕር ውስጥ ዘልቆ የገባ ሹል መሬት ነው። ውኃው እሱን ሲዞር ይፈጥናል፤ ነፋስ ፊት ለፊት ሲገጥመው ደግሞ ሞገዱ አደገኛ ይሆናል። ሆኖም የባሕሩን ሙላትና ጉድለት የሚያመጡት የጨረቃና የፀሐይ ስበት ናቸው፤ ዑደታቸውም የታወቀ ነው። በአብዛኞቹ የባሕር ዳርቻዎች ከአንዱ ሙላት እስከ ቀጣዩ 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ስለሚፈጅ፣ መርከበኛው የሚያልፍበትን ሰዓት ከሠንጠረዥ አንብቦ ይመርጣል።

የቦርከና ወንዝ ግን እንዲህ ያለ ሠንጠረዥ ሊኖረው አይችልም። ከደሴ አካባቢ ከፍታዎች ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ይወርዳል፤ የጨፋን ሜዳ አቋርጦም ወደ አዋሽ ይገባል። ሙላቱን የሚወስነው የዕለቱ ዝናብ ነው። በክረምት ፀሐይ ጠዋት ተራራውን ታሞቃለች፤ እርጥበት የተሸከመው አየር ወደ ላይ ይወጣል፤ ከሰዓት በኋላም ነጎድጓድ ያለበት ዝናብ ይጥላል። ዝናቡ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ከመልካው 20 ኪሎ ሜትር ርቆ ጣለ እንበል። ጎርፉ በሰከንድ 2 ሜትር ቢጓዝ፣ 12 ሰዓት ሳይሞላ ይደርሳል። ይህ ገበያተኛ ወደ ቤቱ የሚመለስበት፣ ከብትም የሚገባበት ሰዓት ነው።

መንገዱም ጊዜውን ይለውጠዋል። የጨፋ ረግረግ ውኃውን ሜዳ ላይ በትኖ ያዘገየዋል፤ ከፍታውንም ይቀንሰዋል። ከተራራው ጥግ በቀጥታ የሚወርዱ አጫጭር ገባር ወንዞች ግን ቁልቁለታቸው ብርቱ ስለሆነ ቶሎ ይደርሳሉ። የሁለት ገባሮች ጎርፍ በአንድ ጊዜ ከተገናኘ ሙላቱ ይደራረባል። ረግረጉን መጠበቅ ከታች ላለው ሰው ሕይወት መጠበቅ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

የውኃ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። 30 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ፈጣን ውኃ ትናንሽ መኪኖችን ሊያንሳፍፍ፣ 60 ሴንቲ ሜትር ደግሞ አብዛኞቹን ሊወስድ ይችላል። ደራሽ ሲመጣ ወንዙ በደቂቃዎች ይሞላል፤ ሲጎድል ግን ሰዓታት ይወስዳል።

ውኃው በድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና ጭራሮ ካመጣ፣ ከላይ የሚያጓራ ድምፅ ከተሰማ ከወንዙ ርቆ ወደ ከፍታ መውጣት ይገባል። ሙላቱን ከሩቅ ሆኖ ለመለካት ከዳር ያለ አንድ ድንጋይ ምልክት ማድረግ ይበቃል፤ ድንጋዩ ከተዋጠ ውኃው እየጨመረ ነው፤ ከተገለጠ እየጎደለ ነው። ይሁን እንጂ መጉደሉ ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ ደጋው አሁንም ከጠቆረ ሌላ ደራሽ ሊከተል ይችላል።

ከሁሉ የሚሻለው ማስጠንቀቂያ ከላይ የሚመጣ ነው። በላይኛው ድልድይ ላይ የውኃውን ከፍታ የሚያሳይ መለኪያ ቢተከል፣ የሚያነበውም ሰው ታች ላሉት ቶሎ ስልክ ቢደውል፣ ጎርፉ የሚጓዝባቸው ሰዓታት ሰውና ከብት የሚድንባቸው ሰዓታት ይሆናሉ።