ዓሣው ዘር እንዲተካ ወንዙ ይጠበቅ

ከመካነ ሰላም ደጋ የሚወርደው ጎርፍ መድረሻው ዓባይ ነው። ጎርፉ አፈር ተሸክሞ ሲወርድ የወንዙ ጠጠር በደለል ይሸፈናል፤ በዚያ የተጣለ የዓሣ እንቁላልም አየር አጥቶ ይሞታል።

በጣና የደረሰው ለቦረና ገበሬም ትምህርት ነው። ባርበስ ከሚባሉት የሐይቁ ዓሦች በርካታዎቹ በክረምት ወደ ጉማራና ርብ ወንዞች ወጥተው በንጹሕ ጠጠር ላይ እንቁላል ይጥላሉ። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ቁጥራቸው በሦስት አራተኛ ያህል ቀንሷል። አጥኚዎች ዋናው ምክንያት ለመራባት ሲሰበሰቡ በወንዝ አፍ በመረብ መጠመዳቸው ነው ይላሉ። ብርብራ ወቅጦ ውሃ ውስጥ መበተንም ትንሹን ከትልቁ ሳይለይ ይፈጃል።

ስለሆነም የማኅበር መሪዎች እርከኑ እንዲጠገን፣ ብርብራ እንዲቀርና በመራቢያው ወራት መረብ ከወንዝ አፍ እንዲነሣ ከአባላት ጋር መምከር ይገባቸዋል። እንቁላል ያዘለች ዓሣ የከርሞ ዘር ናት።