ኳስ ካቆሙ በኋላ፦ የአቶ ይድነቃቸው ተሰማ ሕይወትና ሥራ



በዶዮገና በትምህርት ቤታችን ሜዳ የዕረፍት ደወል ሲደወል ኳስ ተከትሎ የማይሮጥ ልጅ ጥቂት ነው። ኳሱ አንዳንድ ቀን የላስቲክ፣ አንዳንድ ቀንም በገመድ የተጠፈረ ጨርቅ ነው። ማታ ቤት ስንገባ ግን ብዙዎቻችን የምንሰማው ተግሣጽ አንድ ዓይነት ነው። «ሣሩን ሳታጭድ፣ ደብተርህን ሳትገልጥ በኳስ ዋልክ! ለመሆኑ ኳስ እንጀራ ይሆንሃል?» እንባላለን። ወላጆቻችን ይህን የሚሉት ያለ ምክንያት አይደለም፤ የተጫዋች ዕድሜ አጭር ነውና። ጉልበት የከዳ ዕለት ለተጫዋቹ ምን ይቀረዋል? ለዚህ ጥያቄ መልስ ይሆን ዘንድ የአቶ ይድነቃቸው ተሰማን ታሪክ ባጭሩ እናቀርባለን። ዓመቶቹ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

አቶ ይድነቃቸው በዘመን መለወጫ ቀን፣ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. ጅማ ተወለዱ። አባታቸው በቅኔያቸውና በዘፈናቸው የታወቁት፣ ጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። ልጃቸው ግን ስም ያገኙት በኳስ ነው።

ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን በወረረ ጊዜ ይድነቃቸው ገና የ14 ዓመት ልጅ ነበሩ። ወራሪው ጥቁርና ነጭ በአንድነት እንዳይኖሩ የሚከለክል የዘር ሕግ አወጣ። በገዛ አገሩ ከተማ ኢትዮጵያዊው የሚሄድበትና የማይሄድበት ሥፍራ ተለየ። እንዲህ ያለውን ነገር በልጅነቱ ያየ ሰው ቶሎ አይረሳውም። ወደ ኋላ የምንጽፈውንም ለመረዳት ይህን ማስታወስ ይጠቅማል።

አገራችን በ1933 ዓ.ም. ነጻ ከወጣች በኋላ አቶ ይድነቃቸው በ1928 ዓ.ም. በተመሠረተው በቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን በአጥቂነት ከዐሥር ዓመት በላይ ተጫወቱ፤ ለብሔራዊ ቡድናችንም ተሰለፉ። ዛሬ በውጭ አገር ኳስ ተጫዋችና የቅርጫት ኳስ ተጫዋች በደመወዝ ሲከብር እንሰማለን። በዚያን ጊዜ በአገራችን እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። የሚጫወተው ሰው የሚጫወተው ስለ ፍቅርና ስለ ክብር ነበር። ስለዚህ አቶ ይድነቃቸው ከመጫወቻው ጫማ ጎን ብዕር መያዝን፣ ስብሰባ መምራትንና ሕግ ማወቅን ተማሩ።

ይህ ዕውቀት የተፈተነው በየካቲት ወር 1949 ዓ.ም. በካርቱም ነው። የግብፅ፣ የሱዳን፣ የኢትዮጵያና የደቡብ አፍሪካ መልእክተኞች የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን ለማቋቋምና የመጀመሪያውን የአፍሪካ ዋንጫ ለመጀመር በዚያ ተገናኙ። የኢትዮጵያ መልእክተኛ አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ በዘር መለያየት ሕግ ትተዳደር ስለነበር ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም አለች፤ ነጮች ብቻ ወይም ጥቁሮች ብቻ ይምጡ ብላ ጸናች። ሦስቱ አገሮች ግን ይህን አንቀበልም አሉ። ደቡብ አፍሪካም ከውድድሩ ቀረች። ከአራት አገር አንዱ ሲቀር ውድድሩ ምን ያህል እንደሚጎድል አስቡት! ኢትዮጵያ ተጋጣሚዋ ስለ ቀረ ሳትጫወት ለፍጻሜ ደረሰች፤ በግብፅም 4 ለ 0 ተሸነፈች። ሆኖም የጎደለ ውድድር ይሻላል እንጂ የጎደለ ፍርድ አይሻልም ተብሎ ተቆርጦ ነበር።

ከአምስት ዓመት በኋላ ዋንጫው በአዲስ አበባ ተደረገ፤ የቡድናችን አሠልጣኝ አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። ኢትዮጵያ ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸንፋ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ለፍጻሜ ከግብፅ ጋር ገጠመች። ግብፆች ሁለት ጊዜ መሩ። በመጀመሪያ ግርማ ተክሌ፣ ሁለተኛ ደግሞ አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ግብ አግብተው አቻ አደረጉ። በተጨማሪው ሰዓት የሉቻኖ ወንድም ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ አከሉበትና 4 ለ 2 ተፈጸመ። ዋንጫውንም ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰጡ። እስከ ዛሬ ድረስ ኢትዮጵያ ያገኘችው የአፍሪካ ዋንጫ ይኸው አንዱ ብቻ ነው።

የዓለም ዋንጫም ነገር ነበረ። ለ1958ቱ ውድድር ፊፋ ለአፍሪካ፣ ለእስያና ለኦሺያኒያ በአንድ ላይ አንዲት ቦታ ብቻ መደበ። የአፍሪካ አገሮች «ይህ ፍትሕ አይደለም» ብለው በአንድነት ቀሩ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ ለ1962ቱ ዋንጫ አፍሪካ የራስዋን አንድ ቦታ አገኘች። በ1974 ዓ.ም. ሁለት ሆነ፤ ለ2018ቱ ውድድር ደግሞ 9 ቀጥታ ቦታ ተመድቦላታል።

አቶ ይድነቃቸው በ1964 ዓ.ም. የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸውም 15 ዓመት መሩት። በዚህ ጊዜ ውስጥ በ1968 ዓ.ም. ፊፋ ደቡብ አፍሪካን ከአባልነት አስወጣ። እሳቸው ግን የድካማቸውን ፍጻሜ አላዩም። ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. በ65 ዓመታቸው አረፉ። ደቡብ አፍሪካ ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት ቡድን ይዛ ወደ ዓለም ኳስ የተመለሰችው ከአምስት ዓመት በኋላ በ1984 ዓ.ም. ነው።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ኳስ እንጀራ ይሆናል ወይ ለሚለው የወላጆቻችን ጥያቄ መልሱ ለብዙዎቻችን «አይሆንም» ነው። ከጎረቤታችን ከተማ የተነሣው ሀዲያ ሆሳዕና ቡድን እስከ ፕሪሚየር ሊግ ቢደርስም፣ በዚያ መንገድ የሚያልፈው ልጅ ከብዙ አንዱ ነው። ስለዚህ ሣሩም ይታጨድ፣ ደብተሩም ይገለጥ። ነገር ግን በሜዳ የሚገኝ ሌላ ትምህርት አለ። የዳኛ ፊሽካ ለሀብታም ልጅና ለድሃ ልጅ እኩል ይነፋል። አቶ ይድነቃቸው ይህችን የሜዳ ሕግ ይዘው ወደ ዓለም ሸንጎ ገቡ፤ ጉልበታቸው ካለቀ በኋላም የቀረቻቸው እርስዋ ናት።

እኛስ? በሜዳችን ቡድን ስንመርጥ «የእነ እገሌ ሠፈር ልጅ ነው»፣ «የእኛ ጎሣ አይደለም» ተብሎ ዳር ቆሞ የሚቀር ጎበዝ ልጅ እንዳለ ሁላችን እናውቃለን። የካርቱሙ ጥያቄ በእኛም ሜዳ ሳይቀር ይጠየቃል። በመጪው የክፍል ውድድር ስም ዝርዝሩን የሚጽፈው ተማሪ እስክሪብቶውን ሲያነሣ ይህን ያስብ።