ምልክቱ ከዓሣው ጋር ይቆያልን?

የቡና ነጋዴ በጆንያው ላይ ያጻፈው ምልክት በመንገድ ቢፋቅ፣ ዕቃው ባይጠፋም ባለቤቱ ማን እንደሆነ አይታወቅም። በሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ ሳልሞን የተባለውን ዓሣ አርብተው ወደ ወንዝ በሚለቁት ጣቢያዎች ዘንድም ይህን የመሰለ ሥጋት አለ። ጫጩቱ ወደ ውቅያኖስ ወርዶ የሚመለሰው ከዓመታት በኋላ ስለሆነ፣ ከየት ጣቢያ እንደ ወጣ የሚመሰክርለት ተሸክሞት የሄደው ምልክት ነው።

ይህ ምልክት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተፈለሰፈ፣ ርዝመቱ 1.1 ሚሊሜትር፣ ውፍረቱም ሩብ ሚሊሜትር የሆነ የማይዝግ ብረት ሽቦ ነው። የተቀረጸበት ቍጥር በማይክሮስኮፕ ካልሆነ አይነበብም፤ ቍጥሩም የእያንዳንዱ ዓሣ ሳይሆን አብሮ የተለቀቀው መንጋ ነው። ሠራተኛው ጫጩቱን በማደንዘዣ አፍዝዞ አፍንጫውን በልኩ በተሠራ ቅርጽ ውስጥ ያስገባል፤ መርፌውም ሽቦውን በአፍንጫው ውስጥ ወዳለው ለስላሳ አጥንት ይሰዳል። ለውጭ ምልክት እንዲሆን ከጅራቱ ቀደም ብላ በጀርባው ላይ ያለችው ትንሽ ሥጋማ ክንፍ ትቈረጣለች።

ችግሩ ሽቦው ሁልጊዜ አለመቆየቱ ነው። መርፌው ከቦታው ጥቂት ካፈነገጠ ወይም በሚገባ ካልዘለቀ፣ ወይም ትልቅና ትንሽ ጫጩት ሳይለይ በአንድ ቅርጽ ከተሠራ፣ ሽቦው በገባበት ቀዳዳ ተመልሶ ይወጣል። አብዛኛው የሚጠፋው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። ስለዚህ በማግሥቱ ቈጥሮ «ሁሉም ደኅና ነው» ብሎ መጻፍ ሒሳብን ማበላሸት ነው (ይህን ስሕተት መጋዘን የቈጠረ ሁሉ ያውቀዋል)። ጠንቃቃ ጣቢያ አንድ ወር ያህል ጠብቆ፣ ከመልቀቁ በፊት ናሙና ወስዶ ሽቦውን በሚለይ መሣሪያ ያሳልፋል።

ለምሳሌ 100,000 ጫጩቶች ምልክት ገብቶባቸው 8,000ዎቹ ሽቦአቸውን ቢጥሉ፣ ኋላም 920 ሽቦ ቢገኝ፣ የተገኘው ከ92,000 ላይ ስለሆነ ትክክለኛው ሒሳብ ከመቶ 1 ነው። የጠፋውን ያልቀነሰ ጸሐፊ ግን ከመቶ 0.92 ብሎ ይጽፋል፤ ጣቢያውም ያለ ጥፋቱ ሥራው የከሰረ ይመስላል። ነገሩም በጣቢያው አያበቃም፤ አሜሪካና ካናዳ እ.ኤ.አ. በ1985 በተፈራረሙት የሳልሞን ውል መሠረት የአጥማጆች ድርሻ ሲታሰብ፣ ከሚቀርቡት ማስረጃዎች አንዱ ይኸው የሽቦ ቈጠራ ነው።

ከ1990ዎቹ ወዲህ ሽቦ ያልገባባቸው የጣቢያ ዓሦችም ክንፋቸው በብዛት ስለሚቈረጥ፣ የተቈረጠ ክንፍ ማየት ብቻውን አይበቃም። ስለሆነም በብዙ ሥፍራ መርማሪዎች የተጠመደውን ዓሣ ራስ በመሣሪያ ይፈትሻሉ። መሣሪያው ከጮኸ አፍንጫው ተቈርጦ ወደ ላቦራቶሪ ይላካል፤ ዝም ካለ ዓሣው ከነራሱ ወደ ገዢው ይሄዳል።