ብራችንን የት እናስቀምጥ? ወለዱን፣ ክፍያውንና ደንቡን ማመዛዘን

ፊደል ቆጥረናል፤ መደመርና መቀነስም ችለናል። ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ዕውቀቱን ለኑሯችን ማዋል ነው። ዛሬ ስለ ቁጠባ ሂሳብ እናያለን። ስሙ ከባድ ይመስላል እንጂ ነገሩ ከጎተራ የተለየ አይደለም። እህል ጎተራ ስናስገባ ነቀዝ እንዳይበላው፣ ሌባ እንዳይወስደው፣ በቸገረን ቀን እንዳናጣው እናስባለን። ብርም እንዲሁ ነው።

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ በክረምቱ የማታ ትምህርት ላይ የተነሣ ጥያቄ ነው። አምባሰል ውስጥ አንድ አባት እጃቸውን አውጥተው፣ «ልጄ፣ በሬ ሸጬ ሃያ ሺህ ብር ይዣለሁ። አንዱ ቤት በመቶ ሰባት ይሰጣል፣ ሌላው ስምንት ይሰጣል ይሉኛል። ስምንት ከሰባት አይበልጥም ወይ? ታዲያ ምን ያስጨንቃል?» አሉኝ።

«አባባ፣ ይበልጣል። ግን አንቱ እጅ የሚገባው ስንት እንደሆነ ሳናሰላ አንወስን» አልኳቸው። ጠመኔ አነሣንና ሠራነው። ያንን ነው አሁን የምጽፍላችሁ።

ብር ቤት ውስጥ ቢቀመጥስ?

በመጀመሪያ የቤታችንን ነገር ልንገራችሁ። አያቴ ብራቸውን በማሰሮ አድርገው ከጎታው ሥር ይሸሽጉ ነበር። በመስከረም 2013 ዓ.ም. የ10፣ የ50ና የ100 ብር ኖቶች በአዲስ እንዲለወጡ ታወጀ። የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ነበር። አያቴ በዚያን ጊዜ ታመው ተኝተው ነበር፤ ስለ ማሰሮው ለማንም አልተናገሩም። እኛ ያገኘነው በሚያዝያ ጎታው ሲነሣ ነው። የሁለት በግ ዋጋ ወረቀት ሆኖ ቀረ። አያቴ ምንም አልተናገሩም፤ ኖቶቹን አንድ በአንድ ቆጥረው መልሰው አስቀመጧቸው።

እንዲህ ያለ የብር ለውጥ በ1969 ዓ.ም. እና በ1990 ዓ.ም.ም ተደርጓል። ስለዚህ ተቀብሮ የሚቀመጥ ብር ሌባና እሳት ብቻ ሳይሆን የጊዜ ገደብም ያገኘዋል።

አንደኛ፤ ወለድ ምንድነው?

ወለድ ማለት ብራችንን ያስቀመጥንበት ቤት በብራችን ስለሠራበት የሚሰጠን ጭማሪ ነው። «7 በመቶ» ሲባል ለ100 ብር በዓመት 7 ብር ማለት ነው። በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የቁጠባ ወለድ ከ7 በመቶ በታች እንዳይሆን ወስኖ ነበር። ከዚያ በላይ መስጠት ለየባንኩ የተተወ ነው። ስለዚህ ከቤት ቤት ልዩነት አለ። ዛሬ ስንት እንደሚሰጥ ለማወቅ ባንክ ገብታችሁ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን አንብቡ፤ ካልተለጠፈም ጠይቁ። አሁን ማንበብ ትችሉ የለም?

በወለድ ላይ ግብር አለ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ በባንክ ከሚቀመጥ ቁጠባ ወለድ ላይ 5 በመቶ እንዲቀነስ ደንግጓል። ልብ በሉ፤ የሚቀነሰው ከወለዱ ነው እንጂ ከዋናው ብር አይደለም።

ሁለተኛ፤ ክፍያውን መቀነስ

አንዳንድ ቤት ለስልክ መልእክት፣ አንዳንዱ ለካርድ፣ አንዳንዱ ለጠፋ ደብተር ያስከፍላል። ክፍያው ትንሽ ነው እያልን እንተወዋለን። ግን በወር በወር ሲቆረጥ በዓመት ስንት ይሆናል? ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች ለትምህርት የያዝናቸው ናቸው፤ የአንድም ባንክ ዋጋ አይደሉም።

የመጀመሪያው ቤት፤ ወለድ 7 በመቶ፣ ክፍያ በወር 5 ብር።
የ20,000 ብር ወለድ 1,400 ብር።
ግብር ሲቀነስ (70 ብር) 1,330 ብር።
የዓመት ክፍያ ሲቀነስ (60 ብር) 1,270 ብር ይቀራል።

ሁለተኛው ቤት፤ ወለድ 8 በመቶ፣ ክፍያ በወር 30 ብር።
የ20,000 ብር ወለድ 1,600 ብር።
ግብር ሲቀነስ (80 ብር) 1,520 ብር።
የዓመት ክፍያ ሲቀነስ (360 ብር) 1,160 ብር ይቀራል።

አያችሁ? ስምንት የሚሰጠው ቤት ከሰባቱ በ110 ብር አነሰ። እኒያ አባት ሰሌዳውን ትክ ብለው አይተው፣ «ለካስ በቀኝ ሰጥቶ በግራ ይወስዳል!» አሉ። ክፍሉ ሳቀ። ነገሩ ግን የሚያስቅ አይደለም።

ሌላም ክፍያ አለ፤ የመንገድ። ከገጠር ቀበሌ ወደ ሐይቅ ወይም ወደ ውጫሌ ወርዶ ለመመለስ 100 ብር ቢፈጅ፣ በየወሩ የሚመላለስ ሰው በዓመት 1,200 ብር ለመኪና ይከፍላል። ወለዱ እዚያው መንገድ ላይ አለቀ ማለት ነው። ስለዚህ ለገበያ ስትወርዱ አብራችሁ ሥሩት። ለቁጠባ ብቻ ብላችሁ አትመላለሱ።

ብሩ ትንሽ ሲሆን ደግሞ ክፍያው ይበልጥ ይጎዳል። የ2,000 ብር የዓመት ወለድ በ7 በመቶ 140 ብር ነው። ግብር 7 ብር፣ ክፍያ 60 ብር ስንቀንስ 73 ብር ይቀራል። አንድ ደርሶ መልስ ይህን ይበላዋል። ትንሽ ብር ያለው ሰው ከወለዱ ቁጥር በፊት ቅርበቱንና ክፍያውን ይይ።

ሦስተኛ፤ ደንቡ ለማን ይፈቅዳል?

ሂሳብ ለመክፈት መታወቂያ ያስፈልጋል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ባንኮች ፋይዳ የሚባለውን የብሔራዊ መታወቂያ ቁጥር ይጠይቃሉ። ዕድሜው 18 ያልሞላ ልጅ በወላጁ ወይም በአሳዳጊው በኩል ይከፈትለታል። ባልና ሚስት በሁለት ስም መክፈት ይችላሉ። ያን ጊዜ አንዱ ብቻውን ማውጣት ይችል እንደሆነ፣ ወይስ ሁለቱም መፈረም እንዳለባቸው በመጀመሪያ ይወሰናል። እናቶች፣ ይህን ሳትሰሙ አትፈርሙ።

ፊርማ ካልን፣ ለኛ ለአዲስ ጸሐፊዎች አንድ ምክር አለኝ። ባንክ የሚያውቃችሁ መጀመሪያ ቀን በፈረማችሁት ፊርማ ነው። በኋላ ሌላ ዓይነት ብትፈርሙ ብሩን ለመስጠት ያንገራግራሉ። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ፊርማችሁን ደብተር ላይ ደጋግማችሁ ጻፉ፤ እጃችሁ ይልመድ።

እነዚህንም ጠይቁ፦ ከስንት ብር በታች ሲሆን ወለድ ይቀራል? ወለዱ የሚታሰበው በየቀኑ ባለው ነው ወይስ በወሩ ውስጥ ዝቅ ባለው? በጊዜ ገደብ የተቀመጠ ብር ቀኑ ሳይደርስ ቢወጣ ምን ይቀነሳል?

አራተኛ፤ ወለድ የማይፈልግ ሰውስ?

በአገራችን በወሎ ወለድ በሃይማኖቱ የማይፈቀድለት ሕዝብ ብዙ ነው። ስለዚህ ብሎ ብሩን መቅበር የለበትም። ከወለድ ነጻ የባንክ አገልግሎት አለ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ይህን ኑር በሚል ስም ይሰጣል። ዘምዘም ባንክ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነጻ ሆኖ በ2013 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል።

ሁለት ዓይነት አለ። ወዲዓ የሚባለው አደራ ነው፤ ባንኩ ይጠብቃል፣ ጭማሪ ግን ቃል አይገባም። ሙዳረባ የሚባለው ሽርክና ነው፤ ባንኩ ነግዶበት ትርፉን አስቀድሞ በተስማማችሁበት ድርሻ ያካፍላል። ትርፉ በየጊዜው ይለያያል። እዚህ የምትጠይቁት «ወለዱ ስንት ነው?» ሳይሆን «ድርሻዬ ስንት ነው?» ብላችሁ ነው።

አምስተኛ፤ ማኅበርና ዕቁብ

የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር በቅርብ ሊገኝ ይችላል። እዚያ ለመግባት መመዝገቢያ ይከፈላል፣ ዕጣ ይገዛል፣ በየወሩ ይቆጠባል። ጥቅሙ ብድር ማግኘት ነው። መደበኛው ቁጠባ ግን እንደ ባንክ በፈለጉት ቀን አይወጣም፤ ብዙ ጊዜ የሚመለሰው አባልነት ሲለቀቅ ነው። ሂሳቡ በየዓመቱ ይመረመራል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ዕቁብም ጥሩ ነው፤ ወለድ የለውም፣ ዋሱና ዳኛው ግን የታመኑ ይሁኑ።

በቀድሞ ስሙ የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ በአጭሩ አብቁተ፣ በገጠሩ ብዙ ሰው ያውቀዋል። በ2015 ዓ.ም. ፀደይ ባንክ ተብሎ ሥራ ጀምሯል። የድሮ ደብተር ያላችሁ ወስዳችሁ አሳዩ።

ባንክና የማይክሮ ፋይናንስ ተቋም ቢወድቅ በ2013 ዓ.ም. በወጣው ደንብ የተቋቋመ የተቀማጭ ገንዘብ መድን አለ። ለአንድ ሰው በአንድ ተቋም እስከ 100,000 ብር ይሸፍናል። የቁጠባ ማኅበርና ዕቁብ በዚህ መድን ውስጥ አይደሉም።

እውነቱን እንናገር

ቁጠባ ሀብታም ያደርጋል ብዬ አልዋሻችሁም። በ2014 ዓ.ም. የዕቃ ዋጋ በአንድ ዓመት ከ30 በመቶ በላይ ጨምሮ ነበር። 7 በመቶ ወለድ ያንን አይደርስበትም። ስለዚህ ያላችሁን ሁሉ ወደ ብር ለውጣችሁ ባንክ አስገቡ አልልም። በጉም፣ እህሉም፣ ላሚቱም ሀብት ናቸው። ነገር ግን ለማዳበሪያ፣ ለዘር፣ ለሕክምናና ለልጅ ትምህርት የሚሆነው ብር በሚፈለግበት ቀን መገኘት አለበት። በግ በጾም ወራት ዋጋው ይወድቃል፤ በሽታ ደግሞ ገበያ አይጠብቅም።

እኒያ አባት በመጨረሻ ምን አደረጉ? ሁለቱንም ቤት ሄደው ክፍያውን ጠይቀው፣ በወረቀት ጽፈው መጡ። ቀንሰው ቀንሰው የተረፈውን አወዳደሩ። ከባለቤታቸው ጋር በሁለት ስም ከፈቱ። «በአውራ ጣት ይሁን?» ቢሏቸው፣ «የለም፣ እጽፋለሁ» ብለው ስማቸውን ጻፉ። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይባላል። የጠየቀና ያሰላ ግን ሞፈሩ ከደጁ አይጠፋም።

ጥያቄ፤ በደብተራችሁ ሥሩ

1. የ10,000 ብር ወለድ በ7 በመቶ በዓመት ስንት ነው? 5 በመቶ ግብር ሲቀነስስ?
2. በወር 10 ብር ክፍያ ቢኖር በዓመት ስንት ይሆናል? ከላይ ካገኛችሁት ቀንሱ።
3. ከቤታችሁ ባንክ ደርሶ ለመመለስ ስንት ትከፍላላችሁ? በዓመት ስንት ጊዜ ብትሄዱ ወለዱ ያልቃል?

መልሱን ከጎረቤታችሁ ጋር አስተያዩ። ያላነበበ ጎረቤት ካለ ደግሞ ይህን ጽሑፍ አንብቡለት።